በእግዚአብሔር ስም ያቆምኩት መድኃኒት

መድኃኒቴን ያስቆመኝ ሰው የለም። ይህን ማስቀደሜ፣ ታሪኩን ባወራሁ ቁጥር አድማጩ አንድ ጥፋተኛ ስለሚፈልግልኝ ነው። አንዱ «ጸበልተኞቹ ናቸው ያሳሳቱህ» ይለኛል፤ ሌላው በእናቴ ያሳብባል። እናቴም ተው አላለችኝ፣ ጸበል ቦታ ያገኘኋቸው ሰዎችም አላሉኝ። ያቆምኩት እኔው ነኝ። ለምን እንዳቆምኩት ግን ለራሴ እንኳ እውነቱን የነገርኩት ብዙ ቆይቼ ነው።

የተወለድኩት ቢቸና ነው። አባቴ ገና ልጅ ሳለሁ ስላረፈ እኔንና ታናሽ እኅቴን ያሳደገችን እናቴ ናት። ከመምህራን ማሠልጠኛ ስወጣ ሞጣ ተመደብኩ። ዘመኑ ደርግ ነው፤ ቀበሌው ስብሰባ የሚጠራው እሑድ ጠዋት፣ ልክ ቅዳሴው ሲጋመስ ነበር። እናቴ ብቻዬን እንዳልሆን ብላ እኅቴን ወደ እኔ ላከቻት፤ እዚያው ሞጣ ዘጠነኛ ክፍል ገባች። የተከራየናት ቤት አንድ ክፍል ስለነበረች መሐሏን በመጋረጃ ከፈልናት። እኅቴ ከመጋረጃው ወዲያ፣ እኔ ወዲህ።

ሳሉ ሲጀምረኝ የጠመኔ ብናኝ ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ ማላብ፣ ከዚያ መክሳት መጣ። አንድ ቀን ጠዋት ተማሪዎቹ ተሰልፈው ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ሳል አጣደፈኝና መሐረቤን አፌ ላይ ያዝኩ። መሐረቡን ስገልጠው ደም ነበረበት። አጥፌ ኪሴ ከተትኩትና መዝሙሩ እስኪያልቅ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

በጤና ጣቢያው የመረመረኝ ከወለጋ ተመድቦ የመጣ ጤና ረዳት ነው። ዕድሜው ከእኔ ብዙም አይበልጥም፤ ቢሆንም መምህር በመሆኔ በአክብሮት ነበር የሚያናግረኝ።

«የሳንባ ነቀርሳ ነው፣ መምህር» አለኝ። «የሚድን በሽታ ነው። ሁለት ወር በየቀኑ መርፌ ይወጋሉ፤ ክኒኑን ደግሞ ዓመት ከመንፈቅ እስኪሞላዎት ይውጣሉ።»

«ዓመት ከመንፈቅ?»

«አንድም ቀን ሳይዘሉ።»

መርፌው አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ አግዳሚው ወንበር ነው። መርፌ የሚወጋው ሰው ተራውን የሚጠብቀው በሩ አጠገብ፣ ወደ ትምህርት ቤት በሚያስኬደው መንገድ ትይዩ ነበር። ተማሪዎቼ እያለፉ «እንደምን አደሩ መምህር» ይሉኛል፤ ጥቂት አልፈው ሄደው ደግሞ ዞር ብለው ያዩኛል። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ባልደረቦቼ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ ነገር ግን እኔ የጠጣሁበት ብርጭቆ ለብቻው መቀመጥ ጀመረ።

ስድስተኛው ሳምንት ላይ ጉልበቴ ተመለሰ። ሳሉም ቀነሰ። በዚሁ መሐል ትምህርት ቤት ለእረፍት ሲዘጋ ጤና ረዳቱ የቀሩትን መርፌዎች ቢቸና እንድወጋ ደብዳቤ ጽፎ ሰጠኝ። ቢቸና ስደርስ እናቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ ጸበል ይዛኝ ሄደች። ሰባት ቀን ተጠመቅሁ። ዛሬም ቢሆን በዚያ ሳምንት ያገኘሁትን ሰላም ሐሰት ነበር ለማለት አልደፍርም። ውኃው ሲወርድብኝ ከብዙ ወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ራሴ ማሰብ አቆምኩ። በሰባተኛው ቀን ወደ ቤት ስንመለስ እስከ ሳንባዬ ጥግ ድረስ ተነፈስኩ፤ ምንም አላመመኝም። በልቤ «ድኛለሁ» አልኩ። ቀጥዬም «ከእንግዲህ ክኒን ብውጥ እግዚአብሔርን መጠራጠር ነው» አልኩ።

ደብዳቤውን ለማንም አላሳየሁም። ክኒኑን ከሻንጣዬ ሥር ከተትኩት። እናቴ ስትጠይቀኝ «ጨርሻለሁ» አልኳት። ፈጥኖ ነው የወጣልኝ፤ ውሸት መሆኑም አልተሰማኝም።

ሞጣ ስመለስ ጤና ረዳቱን መሸሽ ጀመርኩ። አንድ ቅዳሜ ገበያ መሐል ፊት ለፊት ተገናኘን።

«ምነው ጠፉ፣ መምህር?»

«እግዚአብሔር ፈውሶኛል» አልኩት፤ ክርክር ጠብቄ ነበር።

እሱ ግን ፈገግ አለ። «እሰየው! እንግዲያው አንድ ጊዜ ብቅ ብለው አክታ ይስጡና አይተን አብረን እናመስግነዋ።»

እመጣለሁ አልኩት። አልሄድኩም።

ለአራት ወር ያህል ደህና ነበርኩ። ሥጋዬም ተመለሰ። እኅቴን ማታ ማታ ራት ስንበላ ስለ እምነት አስተምራት ነበር፤ ሰው ራሱን ለአምላክ ከጣለ ምን እንደሚያገኝ ራሴን ምሳሌ አድርጌ እነግራታለሁ። በትልልቅ ዓይኖቿ እያየች ትሰማኛለች።

ክረምቱ ሲገባ ለዕረፍት ወደ ቢቸና ሄድኩ፤ እኅቴ ፈተና ስለቀራት ሞጣ ቆየች። በሄድኩ በሳምንቱ ደሙ ተመለሰ። በዚህኛው ጊዜ መሐረብ የሚይዘው አልነበረም። እናቴ መሬቱ ላይ ያየችውን አይታ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

በማግሥቱ እንደ ምንም ተነሥቼ ወደ ነፍስ አባታችን ሄድኩ። ሽማግሌ ካህን ናቸው፤ እያረሱ ነው የሚኖሩት። ደጃቸው ላይ ተቀምጠው የሞፈርና የቀንበር ማሰሪያ የሚሆን ጠፍር በቅቤ እያሹ ነበር። የሄድኩት ንስሓ ልገባ አልነበረም፤ እግዚአብሔርን ልከስ ነበር።

«አባ፣ ፈውሶኝ ነበር፤ መልሶ ነሳኝ። ምን በድዬው ነው?» አልኩ።

«መድኃኒቱን ማን ተው አለህ፣ ልጄ?»

«ማንም። በእምነት ነው የተውኩት።»

«የሚያጠምቁትን አባት ጠይቀሃቸው ነበር?»

«አልጠየቅኋቸውም።»

«እኔንስ?»

«እርስዎንም አልጠየቅሁም።»

«ሐኪሙን?»

«እሱንም።»

ጠፍሩን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉት። «አንድ ነገር ልበልህ፤ መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለራስህ ስጥ። መርፌው የሚወጋው ጓዳ ውስጥ፣ ሰው በማያይህ ቦታ ቢሆን ኖሮ ታቆመው ነበር?»

አግዳሚው ወንበር፣ ዞር ብለው የሚያዩኝ ተማሪዎች፣ ለብቻው የተቀመጠው ብርጭቆ አንድ በአንድ መጡብኝ። አለቀስኩ። እሳቸው አላባበሉኝም፤ እስክጨርስ ጠብቀው፣ «ለእግዚአብሔር እጅ መስጠት ሌላ፣ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ሌላ። አንተ ሁለቱን አምታትተህብኛል» አሉ።

ንስሓም ሰጡኝ። «ነገ ወደ ሞጣ ትመለሳለህ። መርፌህን ልትወጋ ስትቀመጥ በየቀኑ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ትደግማለህ። እዚያው ወንበሩ ላይ። ሰው እያየህ።»

በዚያ ዘመን አንድ የመንግሥት መምህር በአደባባይ ሲጸልይ መታየት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከቅጣቱ ሁሉ የከበደኝ ይኸ ነበር።

መንገዱ በጭቃ ተቆራርጦ ስለነበር ግማሹን በጭነት መኪና፣ ግማሹን እናቴ ከዘመድ በለመነችልኝ በቅሎ ሞጣ ገባሁ። ጤና ረዳቱ እንዲሰድበኝ ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ካርዴን አውጥቶ አየና፣ «አብሮዎት የሚኖር ሰው አለ?» ብቻ አለኝ።

ያን ጊዜ ነው ያደረግሁት የገባኝ። እኅቴ እዚያው ቤት፣ ከመጋረጃው ወዲያ ነበረች።

በማግሥቱ አስመረመርኳት። በሽታው ይዟታል። ከሁለት ወር በፊት ጀምሮ ስታስል ከርማለች፤ እኔ ፊት አፍና ትይዘው ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?» ብዬ ጮኽኩባት።

«አንተ በጸሎት ድነህ የለ፣ ጋሼ? እኔም እንደ አንተ ልድን ብዬ ነው» አለችኝ። ሽሙጥ አልነበረበትም። ከልቧ ነበር። ሽሙጥ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

እኔ በማቋረጤ በሽታው ሳይጠነክር አልቀረም ብሎ፣ ጤና ረዳቱ በዚህኛው ጊዜ የሁለታችንም መርፌ ከሁለት ወር አልፎ እንዲቀጥል አዘዘ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆንኩ። በየቀኑ ጠዋት እያስቀደምኳት ወደ ጤና ጣቢያ እወስዳታለሁ፤ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንወጋለን። ንስሓዬን ከንፈሬ ይደግማል፤ ልቤ ግን የእሷን ክኒን ይቆጥራል። ስትውጥ አፏን አስከፍቼ ከምላሷ ሥር አያለሁ። ምን እንደበላች፣ ስንት ሰዓት እንደተኛች እጠይቃለሁ። የማርያም ዕለት ቤተ ክርስቲያን ልሂድ ስትል «ብርድ ነው፣ የሰው ትንፋሽም አለ» ብዬ ከለከልኳት። በአንድ ሰው ስንፍና የመጣ በሽታ በዚያው ሰው ትጋት ይወጣል ብዬ ይመስለኛል። እግዚአብሔርን ካደሁ አልልም። ሥራውን ግን ተረክቤው ነበር።

አንድ ቀን ክኒኗን ከዋጠች በኋላ እንደ ልማዴ አፏን እንድትከፍት ስጠይቃት አልከፍትም አለች። በሞጣ ኑሯችን ያን ቀን ብቻ ነው እንቢ ያለችኝ።

«ክኒኑን እውጣለሁ፣ ጋሼ። መርፌውንም እወጋለሁ። መዳኑን ግን ለእግዚአብሔር ተውለት፤ አንተ እንቅልፍ አጥተህ አለቅህ።»

ተቆጣሁ። በርግጥ ሲበዛ ደክሞኝ ነበር።

ጥር ላይ መድኃኒቱ ከጤና ጣቢያው አለቀ። ይመጣል ሲባል ሳምንት አለፈ። ጤና ረዳቱ ደብዳቤ ጻፈልኝና ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጄ በቢቸናና በደጀን አድርጌ ደብረ ማርቆስ ሄድኩ። መጋዘኑ በር ላይ ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በሦስተኛው ቀን ለሁለታችን ለጥቂት ጊዜ የሚበቃን አንድ ካርቶን ሰጡኝ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ እንግዲህ ሁሉም በእጄ ገባ አልኩ።

አውቶቡሱ ቢቸናን አልፈን ደብረ ወርቅ ሳንደርስ ባሌስትራው ተሰበረ። ከቀትር በኋላ ነው። ሾፌሩ ሥሩ ገብቶ ወጣና ራሱን ነቀነቀ። ተሳፋሪው ወርዶ በየጥላው ተቀመጠ። እኔም ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ መንገድ ዳር ተቀመጥኩ። እኅቴ መድኃኒት ካቋረጠች አሥራ አንደኛ ቀኗ ነበር። እነዚያ ቀናት ምን እንዳደረጓት እኔም አላውቅም፣ ጤና ረዳቱም አላውቅም ብሎኛል። የምችለውን ሁሉ አድርጌ እንኳ እሷ ትኖር ዘንድ ማዘዝ እንደማልችል የገባኝ እዚያ አቧራ ላይ ነው። ስታመም ያልፈራሁትን ያህል ፈራሁ።

ከዚያ ጸለይኩ። ቃሉን እንዳለ አስታውሰዋለሁ። «ጌታ ሆይ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ የማድነው ግን እኔ አይደለሁም። እስክደርስላት አንተ ያዝልኝ። ብትወስዳትም እንኳ…» እዚህ ላይ ቆምኩ። ቀሪውን ለማለት ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ፤ በመጨረሻ አልኩት። ስለው የሆነ ነገር ከትከሻዬ ወረደ።

የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነው። ጸሎቱ አላስቀመጠኝም፤ አስነሣኝ። ካርቶኑን በጋቢዬ አስሬ ተሸከምኩና መንገድ ከጀመሩ ሁለት ገበሬዎች ጋር ወደ ደብረ ወርቅ መራመድ ጀመርኩ። ልቤ ረግቶ ነበር፤ እግሬ ግን አልዘገየም። ገበሬዎቹ ስለ ጤፍ እያወሩ፣ እኔ እየሰማኋቸው፣ ብዙ ሰዓት ሄድን። ደብረ ወርቅ አድሬ በማግሥቱ በጭነት መኪና ሞጣ ገባሁ።

እኅቴ ትኩሳት ይዟት ተኝታ አገኘኋት። ጤና ረዳቱ ሰዓቱን ሳይጠብቅ ቤት ድረስ መጥቶ ወጋት። እኔም ውኃ ቀድቼ ክኒኗን ሰጠኋትና ዞር አልኩ። አፏን አላስከፈትኳትም። በሚቀጥለው የማርያም ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ ጋቢዬን ደርቤላት አብሬያት ሄድኩ።

ሁለታችንም ሕክምናውን ጨረስን፤ የእኔ ከሁለት ዓመት በላይ ፈጀ። እኔ ያለ ጠባሳ ዳንኩ ማለት ይቻላል። የእሷ ግራ ሳንባ ግን ተጎድቶ ቀረ፤ ዳገት ላይ እየቆመች መተንፈስ አለባት። የጠፉት አሥራ አንድ ቀናት ይሁኑ፣ ሳሏን ያፈነችባቸው ሁለት ወራት፣ ማንም ሊነግረኝ አልቻለም። መጠየቁንም ተውኩት።

ሰዎች የእኛ ድርሻ የት ላይ አብቅቶ የእግዚአብሔር የት ላይ እንደሚጀምር ይጠይቁኛል። አላውቀውም። እኔ የማውቀው አንድ ጊዜ ኀፍረቴን እምነት፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ፍርሃቴን ትጋት ብዬ መጥራቴን ነው። ሁለቱም ጊዜ ከውጭ ለሚያየኝ ሰው መልካም ክርስቲያን እመስል ነበር።

እኅቴ አግብታ ቢቸና ትኖራለች፤ ሁለት ልጆችም አሏት። የመጀመሪያዋን ክርስትና ያስነሣን ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ይቅርታ ጠየቅኋት። ሕፃኗን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች።

«እኔ እኮ ይቅር ካልኩህ ቆይቻለሁ» አለችኝ። «አንተ ነህ ሳትቀበለው የኖርከው። በል አሁን ልጂቱን ያዝልኝ፤ ደክሞኛል።»

ተቀበልኳት።