የኬሌሌ ትልልቅ ፊደሎች

ሙምቢ ቂም አትይዝም የሚል ሰው ካለ፣ ሙምቢን አያውቃትም። ታናሽ እህቷ ዋንጌቺ ጓደኞቿን ስታስጠነቅቅ፣ «እህቴ ስትጮህባችሁ ዝም በሏት፤ ፈገግ ካለች ግን ሩጡ» ትል ነበር።

በዚያን ጊዜ ሁላችንም ምዜ፣ ማለትም አንጋፋው፣ የምንለው ኪሎንዞ፣ ናይሮቢ ሪቨር ሮድ ላይ፣ ከጎማ ጠጋኞቹ በላይ ባለው ፎቅ የዶሮ እርባታ መጽሔትና የቤተ ክርስቲያን የቀን መቁጠሪያ ያሳትም ነበር። ገጾቹን በኮምፒውተር የምታዘጋጀው ሙምቢ ናት። የዶሮ ፎቶ ስትቆርጥ፣ የጳጳስ ፎቶ ስትለጥፍ ወጣትነቷ እየሄደ ነበር።

አንድ እሁድ ዋንጌቺን ለመጠየቅ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤቷ ሄደች። የልጃገረዶቹ የብረት ሳጥን ክዳን በውስጥ በኩል ከጋዜጣ በተቆረጡ የዘፋኞች ፎቶዎች ተሸፍኗል። ፎቶዎቹ ደብዛዛ ከመሆናቸው የተነሳ ዘፋኙን ከማይኩ መለየት አይቻልም። ሁለት ልጆች ደግሞ ከሬዲዮ በጆሯቸው የቀዱት ግጥም ስላልተስማማላቸው ጸጉር ለጸጉር ሊያያዙ ደርሰዋል። አንዷ «ልቤን መልስልኝ» ነው ስትል፣ ሌላዋ «ደብተሬን መልስልኝ» ነው ትላለች። ሙምቢ ስቃ ስታበቃ አሰበች። ለእነዚህ ልጆች ማንም ምንም አልሠራላቸውም።

ከሥራ በኋላና ቅዳሜ ቅዳሜ ትነድፍ ጀመር። የመጀመሪያውን ናሙና ለእህቷ ክፍል ልጆች ስትወስድላቸው፣ «የአባቶች ጋዜጣ ይመስላል» ብለው መለሱላት። አልተቀየመችም፤ ልጆቹ እውነታቸውን ነበር። ርዕሶቹን አዘነበለች፤ ግራጫውን አውጥታ ብርቱካናማና ቢጫ አስገባች። የግጥሞቹን ገጽ ተቆርጦ ደብተር ውስጥ እንዲገባ አድርጋ ለካችው። ትልቁን የዘፋኝ ፎቶ መሐል ላይ፣ ገጾቹን የሚያያይዘው ሽቦ ቀና ሲል ሳይቀደድ እንዲወጣ አድርጋ አስቀመጠች። ከፎቶው ጀርባ ደግሞ ማንም የማይሳሳለትን ማስታወቂያ አደረገች፤ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ የሚነበብ ነገር አብሮ ጠፍቶ ልጆቹ እንዳይቆጩ።

ከሁሉም በላይ ልጆቹ የወደዱት የተደበቀ ስም የሚባለውን ጨዋታ ነው። እያንዳንዱ ጽሑፍ የሚጀምርበት ፊደል በጣም ትልቅ ይሆናል። ትልልቆቹ ፊደሎች በገጽ ተራ ሲገጣጠሙ የአንድ ዘፋኝ ስም ይወጣል። ቀድሞ ያገኘ ካናቴራ ይሸለማል።

ምዜ ኪሎንዞ ናሙናውን ሲያገላብጥ ዓይኑ በራ። አንድ የሳሙና ፋብሪካ ወጪውን ሊሸፍን ተስማማ። መጽሔቱ «ኬሌሌ» ተባለ፤ ጫጫታ ማለት ነው፤ ስሙንም ያወጣችው ሙምቢ ናት።

የምረቃው ቀን ሙምቢ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ሆቴሉ አዳራሽ ገባች። ምዜ መድረክ ላይ ወጥቶ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ይህን ውብ መጽሔት ከሽፋን እስከ ሽፋን የነደፈውን፣ ለንደን ተምሮ የመጣውን የእህቴን ልጅ ሙሊን ላስተዋውቃችሁ!» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። ሙምቢ እጇ ላይ ያለውን ቅጂ ገለጠች። ንድፍ፣ ሙሊ ይላል። የእሷ ስም በጥቃቅኑ እንኳ የለም።

ምዜ ከመድረክ ወርዶ በአጠገቧ ሲያልፍ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። «ሙምቢ ልጄ፣ እዚያ ጥግ ላሉት እንግዶች ሳምቡሳ አልደረሳቸውም። እስቲ አንዴ።»

ሳምቡሳውን አዞረች። በነጋታው ቢሮው ገባች።

«ምዜ፣ ስሜ ቀርቷል።»

«ከየት?»

«ከመጽሔቱ።»

«አይ አንቺ! ስም ይበላል እንዴ? ገጽ መደርደርና መንደፍ ለየቅል ነው። ደግሞ ስፖንሰር የውጭ ትምህርት ይወዳል። አሁን ሂጂና የሚቀጥለውን እትም ጀምሪ።»

«እሺ ምዜ» አለችና ፈገግ አለች።

ሥራዋን አልለቀቀችም። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን እትም ከበፊቱ አሳምራ ሠራች። ሙሊ ፎቶ ለመነሳት ካልሆነ ብቅ አይልም። መጽሔቱ በየትምህርት ቤቱ ከፍራሽ ሥር እየተደበቀ ይነበብ ጀመር፤ ማታቱ በሚባሉት ሚኒባሶች ውስጥ ተማሪዎች ሲሻሙበት ታያለች። ባየችው ቁጥር እኩል ደስ ይላታል፣ እኩል ትናደዳለች። የኔ ነው ብላ ብትናገር ማን ያምናታል? መታገሥ ነበረባት። ልጆቹ ትልልቆቹን ፊደሎች መገጣጠም እስኪለማመዱ፣ ሳያነቡ የማያልፉ እስኪሆኑ ጠበቀች።

አራተኛው እትም ላይ እያንዳንዱን ጽሑፍ በምትፈልገው ፊደል እንዲጀምር አድርጋ አስተካከለችው። «ዜድ» የምትባለው ፊደል ብቻ አስቸገረቻት፤ «ዛማኒ» በሚለው የስዋሂሊ ቃል፣ ድሮ ድሮ ብላ ጀምራ ተወጣችው። የተደበቀው ስም ተሟላ፤ ኪሎንዞ ምዊዚ። ኪሎንዞ ሌባ!

ምዜ ከማስታወቂያዎቹ ሌላ የሚያነበው ነገር አልነበረም። የእንኳን ደህና መጣችሁ ገጽ ላይ የሚወጣውን የራሱን ፎቶ ግን ሁልጊዜ ይመረምራል። በዚህኛው እትም ሙምቢ ፎቶውን ግማሽ ገጽ አደረገችለት።

«አሁን ገና ሰው አስመሰልሽኝ!» አለ ከረባቱን እያስተካከለ።

«ሁሉም እንዲያውቅዎት ብዬ ነው» አለችው።

መጽሔቱ በወጣ ሳምንት ዋንጌቺ ከትምህርት ቤቷ ስልክ ደወለች። ሳቋ አላናግር አላት። «ሙምቢ፣ ጉድሽ ፈላ! ልጆቹ ሳህን እየደበደቡ ይዘፍኑታል! ዳይሬክተሯ እራት ከለከለችን፤ እነሱ ግን አሁንም እየዘፈኑ ነው!»

ብዙም ሳይቆይ የሳሙና ፋብሪካው ኃላፊ ወይዘሮ ናፉላ ምዜን፣ ሙሊንና ሙምቢን አስጠራቻቸው። መጽሔቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ምዜ፣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተሮች ስልካችንን አጋሉት። ይህን ማን ነው የሠራው? እዚህ ላይ ሙሊ ይላል። ሙሊ አንተ ነህ?»

ሙሊ ላብ አጠመቀው። «እኔ? ኧረ በእናቴ! እኔ ያንን ኮምፒውተር ከፍቼው እንኳ አላውቅም!»

ወይዘሮ ናፉላ ወደ ምዜ ዞረች። ምዜ ጣሪያውን አየ፤ ወለሉን አየ። በመጨረሻ ሙምቢን ሳያይ በአገጩ ጠቆመ። «እሷ ናት።»

«ይህን እትም ብቻ?»

«ሁሉንም» አለ በለሆሳስ።

«ምዜ፣ ጮክ ይበሉ እንጂ» አለች ሙምቢ። «ማዳም አልሰሙም።»

«ሁሉንም የሠራችው እሷ ናት!»

ሙምቢ በሕይወቷ እንዲህ የጣፈጠ ነገር ቀምሳ አታውቅም። ወይዘሮ ናፉላ መጽሔቱን አጠፈችና፣ «እንግዲህ ፊደሎቹ አልዋሹም ማለት ነው። ምዜ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንተዋወቅም» አለች። ቀጥላ ወደ ሙምቢ ዞረች። «አንቺም አትሳቂ። በኛ ሳሙና ቂምሽን አጥበሽበታል። ውጪልኝ!»

ሦስቱም ወደ ሪቨር ሮድ በእግር ተመለሱ። ያን ቀን ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር መንገዱ ሳጥን በተሸከሙ ተማሪዎች ተጥለቅልቋል። ማታቱ የሚጠብቁ ልጃገረዶች ምዜን አዩት። አንዷ፣ «እናንተ! ባለ ከረባቱ ሰውዬ እኮ ነው!» ብላ ጮኸች። ወዲያው በጭብጨባ አቀለጡት። «ኪሎንዞ ምዊዚ! ኪሎንዞ ምዊዚ!»

ለእነሱ ዘፈን ነበር። ከመንገዱ ማዶ ያሉ፣ ምዜን የማያውቁ ሌሎች ጎማ ጠጋኞች ግን የሰሙት የመጨረሻውን ቃል ብቻ ነው። በናይሮቢ መንገድ ላይ ሌባ ከተባለ የሚጠይቅ የለም። መጀመሪያ ድንጋይ መጣ፤ ከዚያ ብረት የያዘ ሰው። ሙሊ እግሬ አውጪኝ አለ። ምዜ ግንቡ ሥር ወደቀ፤ አንድ እግሩ ጫማ የለውም፤ ከንፈሩ ደምቷል።

ሙምቢ ቆማ አየች። እንባ አልመጣላትም። ይበለው! አለች በልቧ፤ እውነቱን መናገር ካለብኝ ደስ አላት። ያ ሁሉ ቅዳሜ፣ ያ ሳምቡሳ፣ ያ ትከሻ መታ መታ። ያኔ ነው አንዱ ከሱቁ ውስጥ አሮጌ ጎማ እያንከባለለ፣ በሌላ እጁ የቤንዚን ጀሪካን ይዞ ሲመጣ ያየችው። ልጃገረዶቹ ማጨብጨባቸውን ትተው ያለቅሳሉ።

ብረት የያዘው ሰው ሙምቢን አያት። «ዳዳ፣ እህቴ፣ አንቺን ነው የሰረቀሽ?»

ምዜ ቀና ብሎ አያት። አዎ የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር፤ እውነት ነበር። ካለችው ግን ሰውየው ማለቁ ነው።

«ምንም አልሰረቀኝም» አለች። «አባቴ ነው። ልጆቹ ዘፈን እየዘፈኑ ነው፤ ተዉት።»

ልጃገረዶቹም በለቅሶ፣ «ዘፈን ነው! ዘፈን ነው!» አሉ። ሰዎቹ እያጉረመረሙ፣ አንድ ሁለቱም ቅር እያላቸው ተበተኑ።

ምዜን ደግፋ ደረጃው ላይ አስቀመጠችው። እጇን ያዘ። «ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ። ወደሽኝ…»

«ልጄ አይበሉኝ» አለችና እጇን ነጠቀችው። «ያዳንኩዎት ወድጄዎት አይደለም። ሬሳ አያፍርም፤ ለዚህ ነው።»

ኬሌሌ በዚያው ቀረ። ምዜ ወደ ዶሮዎቹ ተመለሰ። ሙምቢን ግን ለረጅም ጊዜ የሚቀጥራት ጠፋ፤ «ፊደል ውስጥ እባብ ትደብቃለች» ይሏት ነበር። የሠርግ ጥሪ ካርድ እየሠራች ከረመችና፣ በኋላ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ሌላ የልጆች የሙዚቃ መጽሔት ከፈተች። ያንን እስከ ዛሬ ሳጥናቸው ውስጥ ያስቀመጡ አሉ። የተደበቀ ስም ጨዋታን ግን አላስገባችውም። ልጆቹ እንድትመልሰው ቢጽፉላትም እሺ አላለችም፤ ምክንያቱንም አልነገረቻቸውም።

ምዜን ወረቀት መሸጫው ጋ አልፎ አልፎ ታገኘዋለች። ባርኔጣውን ያነሳላታል፤ እሷ አልፋው ትሄዳለች። ዋንጌቺ አንድ ቀን፣ «አይበቃም? ሰውየው እኮ ሸመገለ» አለቻት።

«ሰላምታ ሰጠኝ እንጂ ይቅርታ አልጠየቀኝም» አለች ሙምቢ። «ሲጠይቀኝ አስብበታለሁ።»