ለደጋ ፀሐይ የተቀባ ኖራ

ነገሩ የጀመረው በኅዳር ወር፣ አንድ ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ በትውልድ ከተማዬ በድሬዳዋ የእርሻ ቢሮ ከተመደብኩ ዓመት አልሞላኝም። ኃላፊያችን ከዚራ ሰፈር ወደነበረው የቢሮ ክፍሌ ገቡ።

“ጓዲት፣ ደጋው ላይ ያለው የደንገጎው ችግኝ ቤት በምን ይሸፈን? ዘንድሮም ቲማቲሙን ውርጭ ከገደለው ይዘጋል። ገበሬዎቹም ዳግመኛ አያምኑንም።”

ያለፈው ዓመት ሽፋን ስስ ፕላስቲክ ስለነበር ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ይለቀው ነበር። በመጋዘናችን ከፈረሰ ቪላ የተነቀሉ የመስኮት መስታወቶች ነበሩ፤ ለቤቱ ሁሉ ግን አይበቁም። ብዙ አሰብኩ። በመጨረሻ ፀሐይ በሚመታው በደቡብ በኩል ብቻ መስታወት ደርበን፣ በመሃሉ የጣት ውፍረት ያህል አየር እንድንተው፣ የቀረውን በወፍራም ጭቃ እንድንመርግ ሐሳብ አቀረብኩ። ኃላፊውም ተቀበሉኝ።

ሥራው ሲያልቅ ለማየት ወደ ደንገጎ ወጣሁ። ችግኞቹ በማግስቱ ሊገቡ ነው። አናጢው፣ ዕድሜያቸውን ሁሉ ድሬ ውስጥ መስኮት ሲገጥሙ የኖሩ ሽማግሌ፣ በኩራት ቆመው ጠበቁኝ። መስታወቱ ከውጭ በኩል ነጭ ሆኗል።

“ኖራ ነው” አሉኝ። “ችግኙ እንዳይቃጠልብሽ ብዬ። ድሬ ማን መስኮቱን እንዲሁ ይተዋል?”

እውነት ነው፤ በጋ ሲገባ እናቴም የምዕራብ መስኮታችንን ኖራ ትቀባ ነበር።

ጭቃ የሚመርገው ጎልማሳ ሳቀ። “አባባ፣ እዚህ እኮ ሰው ጋቢ ደርቦ ነው የሚተኛው፣ አቦ።”

“አንተ ዝም በል፤ ጋቢህንም እቀባልሃለሁ።”

ሁሉም ሳቁ። ሽማግሌው ግን የሚያዩት እኔን ነበር። ሰው ፊት ላሳፍራቸው አልቻልኩም፤ “እጅዎ ይባረክ” አልኩ። ፀሐይ ስትጠልቅ ብቻዬን ገብቼ አፈሩን ነካሁት። እንደ ውጭው ቀዝቅዟል።

እዚያው አድሬ፣ በማግስቱ ጠዋት ባልዲ ውኃና ሁለት ጨርቅ ይዤ ወጣሁ። ሣሩ ላይ ውርጭ አድሯል። ሽማግሌው ሳይነሱ ኖራውን አጥቤ ልጨርስ አስቤ ነበር፤ የሰውን ሥራ ከጀርባው ማጥፋት ግን ነውር መሰለኝ። ያደሩበትን ክፍል በር አንኳኳሁ።

“አባባ፣ ድሬ ፀሐዩን እንሸሸዋለን። እዚህ ግን ካላስገባነው ችግኙ ይሞታል” አልኳቸው።

ውርጭ ያደረበትን ሣር አዩ። አንዱን ጨርቅ ዘረጋሁላቸው።