የረዘመው ሻፍት

የፒክአፕ ካምቢዮ አውጥቶ በሌላ መቀየር ያስተማሩኝ አንድ ፓኪስታናዊ አዛውንት ናቸው። ሳዑዲ ውስጥ አል ኹበር አል-ጀኑቢያ በሚባል ሰፈር ባለው ጋራዥ ሁላችንም ሙዐሊም፣ መምህር ማለት ነው፣ እንላቸው ነበር። በየመን በኩል የገባሁ፣ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የሌለኝ ሰው ስለነበርኩ ከጋራዡ ብዙም አልርቅም፤ ቀኔ የሚያልፈው መኪና ሥር ተጋድሜ ነው። ሥራውን ግን ወድጄው ነበር።

አንድ ቀን ሃምሳ ዓመት የሚሆነው ሳዑዲ የአባቱን አሮጌ ፒክአፕ በሌላ ሰው አስነድቶ መጣ። ግራ እግሩ በአደጋ ተጎድቶ ፍሪሲዮን መርገጥ አልቻለም። ማኑዋሉን ካምቢዮ አውጥተን አውቶማቲክ እንድንገጥምለት ፈለገ። ሙዐሊም ሌላ መኪና ቢገዛ እንደሚቀለው ነገሩት። እሱ ግን አሸዋ ላይ መንዳት አባቱ ያስተማሩት በዚያች መኪና መሆኑን ተናግሮ ቁልፉን ሰጣቸው።

አውቶማቲኩ ካምቢዮ ከማኑዋሉ ይረዝማል። ስለዚህ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያካፍለው ትራንስፈር ወደ ኋላ ተገፋ፤ ከሱ ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ፣ የኋላው ሻፍትም ማጠር ነበረበት። ሙዐሊም ልኩን እንድወስድ አዘውኝ ለሶላት ወጡ። ጎማ ሲንጠለጠል ልኩ ስለሚረዝም መኪና የሚለካው ጎማዎቹ መሬት ይዘው እንደሆነ ደጋግመው ነግረውኛል። እኔ ግን መኪናዋን ከተሰቀለችበት ማውረዱ ታከተኝና ጎማዎቿ አየር ላይ እንደተንጠለጠሉ ለካሁ። ሲመለሱ መሬት አውርጄ እንደለካሁ ጠየቁኝ። አዎ አልኩ።

ሻፍቱ ተቆርጦ፣ ተበይዶ ተገጠመ። ሙዐሊም አስፋልት ላይ ነድተው ሞከሩት፤ ምንም አላለም። እኔ ግን መኪናዋ ከአሸዋ ጉብታ ላይ ወርዳ ስታርፍ የረዘመው ሻፍት ትራንስፈሩን ገፍቶ ሊሰብረው እንደሚችል አውቅ ነበር። ያ ሰው በአንድ ደህና እግሩ በረሃ መሃል ቆሞ ታየኝ። ምሳዬን ትቼ ወደ ሙዐሊም ሄድኩ።

«ሙዐሊም፣ ዋሽቼዎታለሁ» አልኳቸው። «ተንጠልጥላ ነው የለካኋት።»

አልተቆጡም። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

«ባለቤቱ ነገ ነው የሚመጣው» አሉ። «ፍታው። አሁን አንተው ለካ።»

ፈታሁት፤ መሬት አውርጄ ሁለት ጊዜ ለካሁ። ትርፉ ከአውራ ጣቴ ውፍረት ይበልጥ ነበር፤ ሻፍቱን እንደገና አሳጥረን ገጠምነው። በማግስቱ ሰውየው ሲመጣ ሙዐሊም ልኩ ተሳስቶ እንደነበርና እንደተስተካከለ ነገሩት። ማን እንደተሳሳተ አልተናገሩም። እኔ አንገቴን ደፍቼ ቡሎን እለቅም ነበር።

ከሳምንት በኋላ ሰውየው ራሱ እየነዳ ተመለሰ። የመኪናዋን ሥር እንድናይለት ነበር የመጣው። ገብቼ ትራንስፈሩን ዳሰስኩ፤ አሸዋ ፊቴ ላይ ተራገፈ እንጂ የተሰነጠቀም ሆነ ዘይት የሚያንጠባጥብ ነገር አልነበረም። ስወጣ ሰውየው አንድ ትልቅ የአሸዋ ጉብታ በሦስተኛው ሙከራ እንደወጣው ለሙዐሊም እየተረከላቸው ነበር።