ለአስራ ስምንተኛ ዓመታችን ያወጣሁት ፕሮግራም

እኔና ወንድሜ መንታ ነን። እሱ በአርባ ቀኑ፣ እኔ በሰማንያ ቀኔ ክርስትና ስለተነሳን እናታችን ስትቀልድ «አንተ በአርባ ቀን ትበልጣታለህ» ትለው ነበር። አስራ ስምንት ዓመት የሞላን ደባርቅ፣ አስራ አንደኛ ክፍል ሆነን ነው። አባታችን እዚያው ትምህርት ቤት ታሪክ ያስተምሩ ነበር።

ልደት ማክበር በከተማችን የተለመደ ነገር አልነበረም። እኔ ግን ጎንደር አክስቴ ዘንድ ክረምቱን ስከርም፣ የጎረቤት ልጅ አስራ ስምንት ዓመት ሲሞላት ዳቦ ቆርሳ፣ ፎቶ ተነስታ፣ ንግግር ስታደርግ አይቼ ልቤ እዚያ ቀርቶ ነበር። እናቴን ለምኜ ለምኜ፣ ፋሲካም አልፎ ስለነበር፣ «እንግዲያው ዳቦና ጠላ ይበቃል» አለችኝ።

ፕሮግራሙን ደብተሬ ላይ አወጣሁ። እሁድ ሰባት ሰዓት እንግዶች ይገባሉ። ሰባት ተኩል የንስሐ አባታችን ይባርካሉ። ስምንት ሰዓት ዳቦው ይቆረሳል። ከዚያ የአባታችን ምክር፣ የወንድሜ ንግግር፣ የእኔ ንግግር። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ሙዚቃ፤ ቴፑን ጤና ጣቢያ የሚሠራው ጎረቤታችን ሊያውሰን ቃል ገብቷል። ሰዓት እላፊውን ፈርቼ መጨረሻውን አስራ አንድ ሰዓት አደረግሁት።

ወንድሜ ከኋላዬ ቆሞ ያነባል።

«ለእኔ ንግግር ስንት ደቂቃ ሰጠሽኝ?»

«አምስት።»

«አምስት ደቂቃ ሙሉ ምን እላለሁ?»

«አስራ ስምንት ዓመት ሞላኝ፣ ከእንግዲህ ሰው ሆኛለሁ በል።»

ደብተሬን ከድኖልኝ ወጣ። ብሔራዊ ውትድርና የሚጠራው በአስራ ስምንት ዓመት መሆኑን እኔም አላጣሁትም፤ ዳባት ላይ ገበያ የወጡ ወጣቶች ታፍሰው መወሰዳቸውን ሰምቻለሁ። ግን ያ ነገር የሌላ ቤት ነገር ይመስለኝ ነበር። እኛ ቤት ስሙም አይነሳም።

ሰው ለመሰብሰብ ከቀበሌ ፈቃድ ያስፈልጋል። ማንንም ሳላማክር ማመልከቻ ጻፍኩና ሄድኩ። የቀበሌው ጸሐፊ የአባቴ ተማሪ የነበረ፣ ቀጭን፣ ትሁት ሰው ነው። ወረቀቱን ቀስ ብሎ አነበበው።

«የሁለታችሁም ልደት ነው?»

«አዎ፣ መንታ ነን።»

«አስራ ስምንት» አለና አንዳች ነገር ጻፈ። ከዚያ ማኅተሙን መታልኝ። «እንኳን አደረሳችሁ። ጋሼን ሰላም በይልኝ።»

እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። አባቴ ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡት፤ ደግመው አነበቡት፤ ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።  የተናገረችው እናቴ ናት።

«ዕድሜውን ለቀበሌ ማን ጻፊ አለሽ?» አለችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ እናቴ ለወንድሜ ስንቅ ቋጠረች። ከደባርቅ በላይ፣ ከቡይት ራስ ወዲያ ወንድሟ ያርሳል፤ ነገሩ እስኪበርድ እዚያ ይቀመጥ አለች። ወንድሜ ስንቁን አየው እንጂ አልነካውም።

«እኔ ስጠፋ የሚያስሩት አባባን ነው» አለ። «ልጁ የጠፋበትን የታችኛውን ጎረቤታችንን ስንት ወር እንዳሰሩት አይተሻል፣ እማዬ።»

«እኔ ልታሰር፤ አንተ ሂድ» አሉት አባቴ።

«አልሄድም፣ አባባ። ይቅር።»

ክርክሩ በዚህ አለቀ። ስንቁን እናቴ ራሷ ፈታችው። ድግሱን ብንተው ደግሞ ልጁን ደበቁት ያሰኛል ብለው አባቴ ፕሮግራሙ እንዳለ ይቀጥል አሉ። እኔም የእንግዶቹን ስም ጻፍኩ፤ ወንበር ለመንኩ። እጄ ይሠራል እንጂ ልቤ የለም። ወንድሜ ብቻ ምንም እንዳልሆነ ሰው ንግግሩን ሊያጠና ጓሮ ይወጣ ነበር።

ረቡዕ ዕለት የከተማው ወጣቶች ለስብሰባ ቀበሌ አዳራሽ ተጠሩ። ወንድሜ ሸሚዙን ቀይሮ ሄደ። ከገቡ በኋላ በሩ ተዘጋ። ሦስት ቀን እዚያው አደሩ፤ ምግብ በጥበቃዎቹ በኩል እናቀብላለን፣ ሳህኑ ባዶውን ይመለሳል። ቅዳሜ ጠዋት፣ ጉሙ ገና ሳይነሳ፣ በጭነት መኪና ወደ ጎንደር ወሰዷቸው። እናቴ ለእሁድ ያቦካችውን ዳቦ አርብ ማታ ጋግራ ስለነበር ድፎውን እንዳለ ይዛ ወጣች። መኪናው ላይ ካሉት አንዱ ተቀበላት። ወንድሜ ይሁን ሌላ ሰው፣ በጉሙ አልለየንም።

ከማሠልጠኛው አንድ ደብዳቤ መጣ። ደህና ነኝ፣ ብርዱን ከደባርቅ ስለማውቀው አልከበደኝም ይላል። ሁለተኛ አልመጣም።

እናቴ ፊት ለፊት ወቅሳኝ አታውቅም። ግን ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ልጽፍ ስቀመጥ ተነስታ ትወጣለች።

ከዓመታት በኋላ፣ መንግሥቱ ወድቆ፣ ያን የቀበሌ ጸሐፊ በጎንደር መንገድ ኮሶዬ ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ አገኘሁት። ጠጉሩ ሸብቷል። ሰላምታ ሳልጨርስ ጠየቅኩት።

«ያ ማመልከቻዬ ነው ወይ ያስወሰደው?»

መሬት መሬት እያየ መለሰልኝ።

«አይደለም፣ እህቴ። የዕድሜው ዝርዝር አስቀድሞ ከትምህርት ቤት መጥቶልን ነበር። መምህራን ናቸው ከክፍል መዝገብ እየገለበጡ የላኩልን።»

ሊያጽናናኝ ይሁን እውነቱን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። አውቶቡሱ መጣና ተሳፈርኩ። እውነት ከሆነ፣ የእኛን ክፍል መዝገብ የሚይዙት አባቴ ነበሩ።

ቤት ስደርስ አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። ጡረታ ወጥተዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። «መንገዱ እንዴት ነበር?» አሉኝ። «ደህና ነበር፣ አባባ» አልኩ። ጥፋቱ በእኔ ላይ ይኑር ብዬ፣ እስኪሞቱ ድረስ አልጠየቅኳቸውም። እሳቸውም ስለ ልደቱ አንድም ቀን አንስተው አያውቁም።

ዘመድ ለወንድሜ ተዝካር ይውጣ ሲል እናቴ እምቢ አለች። «መሞቱን ማን ነገረኝ?» ትላለች።  አሁን አርጅታለች፤ በሰው ሁሉ ስም ስትሳሳት በእሱ ስም ብቻ አትሳሳትም።