ኩርባውን የከፈትን ጊዜ

የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ሳለሁ ለተግባር ልምምድ የተመደብኩት ከደብረ ማርቆስ ወደ ሮብ ገበያ በሚወጣው መንገድ ሥራ ላይ ነበር። ተወልጄ ያደግሁት እዚያው መንገድ ዳር ነው፤ ምደባውን ሳይ በደስታ ጮኽኩ።

ቤት የገባሁ ዕለት፣ የደብራችን ቄስ የሆኑት አባቴ አጠገባቸው አስቀመጡኝና፣ "ለመሆኑ ምንድን ነው የሚያስተምሯችሁ?" አሉኝ።

"ብዙ ነው አባ። ለምሳሌ የማቆሚያ እይታ ርቀት የሚባል አለ። ሹፌር ከፊቱ ሰው ቢያይ፣ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ መኪናው ይሄዳል። ከረገጠም በኋላ እስኪቆም ይሄዳል። መንገዱ ቢያንስ የሁለቱን ድምር ያህል አርቆ ማሳየት አለበት። ቁልቁለት ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ፤ መኪናው ቶሎ አይቆምማ..."

ንግግሬን ሳልጨርስ ከቤተ ክርስቲያናችን በታች ያለው ኩርባ ትዝ አለኝ። ስንት ዓመት የተመላለስኩበት ነው! የኮረብታው ጎን ወደ መንገዱ ስለወጣ፣ ከላይ የሚመጣ ሹፌር ከታች ያለውን ሰው የሚያየው አጠገቡ ሲደርስ ነው።

ሌሊቱ አልነጋ አለኝ። ጠዋት የሳይቱን መሐንዲስ ስይዘው ሰላምታም ሳላስጨርሰው ኮረብታው እይታ እንደሚጋርድ ነገርኩት።

"ፕላኑ ላይ እዚያ ጋ የኮረብታ ቆረጣ የለም" አለኝ። "እንዳልሽው ከሆነ ግን ለክተሽ አሳዪኝ።"

ከቀያሹ ጋር ወረድን። እኔ በሹፌር ዓይን ቁመት ልክ አጎንብሼ ቆምኩ፤ እሱ ከእይታዬ እስኪሰወር ድረስ በኩርባው ዞሮ ሄደ። በመካከላችን ያለውን ስንለካው ከሚፈለገው በጣም ያንሳል። ወረቀቱን ይዤ ዳገቱን በሩጫ ወጣሁት። መሐንዲሱ ስሌቱን ደግሞ ደጋግሞ ሠራውና ሳቀ።

"ልክ ነሽ። አለቆቹን ላስፈቅድና እንቆርጠዋለን።"

ፈቃዱ መጣ። እስካቫተሩ ቀዩን አፈር መዛቅ ሲጀምር አገሩ ሁሉ ለማየት ወጣ። ሲያልቅ ከኩርባው ራስ ሆኜ ብመለከት እስከ ወንዙ ድልድይ ድረስ ወለል ብሎ ታየኝ።

ጥምቀት ደረሰ። ታቦቱ ከወንዙ ሲመለስ የተሸከሙት አባቴ ነበሩ። መንገዱ በሰው ሞልቷል፤ ወጣቱ ይጨፍራል፤ እኔ ከሴቶቹ ጋር በተቆረጠው ጎን ላይ ቆሜያለሁ። ድንገት ከሮብ ገበያ በኩል ድንች የጫነ አይሱዙ ቁልቁለቱን ሲምዘገዘግ አየሁ።

ኩርባው ራስ ላይ እንደደረሰ ሹፌሩ ሕዝቡን አይቶ ፍሬን ረገጠ፤ የመኪናው አፍንጫ ወደ መሬት ደፋ አለ። አቧራው ተነሣ። ሲጠራ መኪናው ከሕዝቡ ገና ብዙ ርቆ ቆሟል። ከሕዝቡ መካከል ጭፈራውን ያቋረጠ እንኳ አልነበረም። ሹፌሩ ወረደ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ መንገዱ ዳር ተንበርክኮ ታቦቱን ተሳለመ።

"ቆመ! ቆመ!" እያልኩ ዘለልኩ።

"ምን ሆንሽ አንቺ?" አሉኝ አጠገቤ የነበሩ እናት። "መኪና ሲቆም አይተሽ አታውቂም?"

"እንዲህ ሲቆም አላየሁም እማማ!" አልኩና እልልታዬን አቀለጥኩት። እሳቸውም ነገሩ ሳይገባቸው አብረውኝ እልል አሉ።

ታቦቱ ከገባ በኋላ ለአባቴ ነገርኳቸው። መኪናውን ጭራሽ አላዩትም። ግንባሬን ሳሙኝ። የመንገድና ትራንስፖርት ትምህርት እንደማጠና ያን ጊዜ ቆረጥኩ።

ከዚያ ለመሐንዲሱ ስልክ ደወልኩ። ነገሩን ሰምቶ ሲያበቃ እሱም እንደኔ ጮኸ።

"ስንት ሜትር ላይ ቆመ?"

"ምኑን ለካሁት!" አልኩት። "እልል እያልኩ ነበር።"