በበዓል ቀን የበሳሁት ግድግዳ

ደብረ ኤልያስ የሄድኩት ለከተማዋ ቤተ መጻሕፍት ስድስት ኮምፒውተሮች የመብራትና የኔትወርክ ገመድ ልዘረጋ ነበር። ግድግዳው ድንጋይ ነው፤ አንዷን ቀዳዳ ስበሳ ረፋዱ ያልፋል። እኔ ደግሞ ሥራ ላይ ነጭናጫ ነኝ፤ ሰው አጠገቤ ሲቆም አልወድም። ስለዚህ ከጥበቃው ሽማግሌ በቀር ማንም አይጠጋኝም ነበር።

እሳቸው ግን ኩርፊያዬን ከቁብም አልቆጠሩት። ጊዜው ጾመ ፍልሰታ ነው፤ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በረንዳው ላይ አጎዛ ያነጥፉና «ና እንጂ ልጄ፣ ገመዱ ጥሎህ አይሸሽ!» ይሉኛል። ሽሯቸውን አብረን እንበላለን። ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር የማወራው ያቺን ሰዓት ብቻ ነበር፤ ጠዋት የምነሳውም እሷን እያሰብኩ ነው።

ጾሙ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው «ለበዓሉ የት ነህ?» አሉኝ።

«ደብረ ማርቆስ እገባለሁ አባባ። ልጆቼ ይጠብቁኛል።»

ውሸቴን ነው። ሚስቴ ልጆቼን ይዛ ወላጆቿ ዘንድ ከሄደች መንፈቅ አልፏት ነበር። ይህን መናገር አፈርኩ።

የበዓሉ ዕለት በተከራየኋት ክፍል ተኝቼ የጎረቤቱን ሳቅ ስሰማ አረፈድኩ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም። የቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍ እኔ ዘንድ ስለነበር ገባሁና፣ መስኮቱን ዘግቼ ድሪሉን አስነሳሁ። ድምፁ የሚታፈን መስሎኝ እኮ ነው! በጎጃም ምድር፣ በእመቤታችን በዓል፣ ግድግዳ መብሳት! አቧራው ሲረጋ ሽማግሌው በነጭ ልብሳቸው በሩ ላይ ቆመዋል። አዩኝና ነጠላቸውን ሰብስበው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲያ እህል ቅመስ የሚለኝ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን በረዶ ወርዶ የሽማግሌውን ገብስ ከመሬት ደባለቀው። ገበያ ስወጣ «በረዶውን ያመጣብን፣ በዓል የሻረው ሰውዬ» ሲሉኝ ሰማሁ። ዳቦዬን ከሶኬቶቹ መሀል ተቀምጬ ብቻዬን ገመጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ሰው ናፍቆኝ አያውቅም።

ሥራው ባለቀ ዕለት ስድስቱም ኮምፒውተሮች በሩ። የከተማዋ ወጣቶች ዙሪያቸውን ከበው ሲንጫጩ ሹልክ ብዬ ወጣሁና ሽማግሌው እግር ሥር ጎንበስ አልኩ።

«አባባ፣ ስለ ገብሱ ይቅር ይበሉኝ።»

«በረዶው የፈጣሪ ነው፤ አንተ ምን አገባህ?» አሉኝ። «በዓል መሻርህንም ለንስሐ አባትህ ንገር። እኔን የከፋኝ ሌላ ነው። ያን ዕለት በግ አርጄ ነበር። ልጆቼ ከአዲስ አበባ ሳይመጡ ቀሩና ከባለቤቴ ጋር ተፋጥጠን ዋልን። አንተን እንዳልጠራህ፣ ቤቱ ገብቷል አልኩ፤ ለካ ዋሽተኸኝ እዚሁ ነበርክ።»

ልጆቼ ቤት እንደሌሉ የነገርኳቸው ያኔ ነው። ክንዴን አጥብቀው ያዙኝ። የደብረ ማርቆሱ መኪና ግን ሞተሩን አስነስቶ ጥሩምባ ይነፋ ነበር፤ ተሳፈርኩና ወደ ባዶ ቤቴ ሄድኩ።