ያላስገዛኋት ጃኬት

ጅጅጋ ውስጥ ጂኦግራፊ ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመት ሆኖኝ ነበር። በየዓመቱ የሂማላያን ተራሮች በጠመኔ እስላለሁ፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ለምን እንደሚቀዘቅዝ አስረዳለሁ፤ ፈተናም አወጣበታለሁ። ከአገር ወጥቼ ግን አላውቅም። ስለዚህ አንድ የነሐሴ ቀን ሚስቴ ከመሥሪያ ቤት መጥታ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ፣ "ሕንድ ልሄድ ነው! ላዳክ የሚባል ቦታ፤ ሂማላያ ላይ!" ስትለኝ የተሰማኝን ነገር ደስታ ነው ብዬ ልጽፈው አልችልም።

ሚስቴ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት። ሥራዋ አብዛኛውን ጊዜ ከሸደር ወዲያ ባሉት ቀበሌዎች ፍየል ስትከትብ መዋል ነው። ሕንድ የምትሄድበት ሥልጠና የሁለት ሳምንት ነበር። በዚያ ከፍታ ላይ ፍየል የሚያረቡ ሰዎች ብርዱንና ድርቁን እንዴት እንደሚችሉት ሄዶ ማየት ነው። ከመሥሪያ ቤቷ የተመረጡት እሷና አንድ የቆላው የአፍደም ልጅ የሆነ ባልደረባዋ ነበሩ።

"እንኳን ደስ አለሽ" አልኳት፤ አቅፌም ሳምኳት። ከእቅፌ ስትወጣ ግን ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

በማግስቱ ለተማሪዎች ምዝገባ ስንገባ ወሬው ትምህርት ቤት ደርሶ ነበር። አንዱ መምህር በመምህራን ክፍል ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "አንተ አስተማርከው፣ እሷ ልታየው ነው!" አለኝ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ቀኑን ሙሉ ግን ያቺ ንግግር ከጆሮዬ አልወጣችም።

ከአዘጋጆቹ ስለ አለባበስ የሚገልጽ ወረቀት ተላከላት። ቦታው የቡድሃ ሃይማኖት ተከታዮች አገር ስለሆነ ገዳማት ይጎበኛሉ፤ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ያስፈልጋል። ጠባብ ሱሪ አይመከርም። ጫማ በየበሩ ስለሚወልቅ ክር የሌለው ቢሆን ይሻላል፤ ካልሲውም ንጹሕ ይሁን። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ደግሞ ይበርዳል፤ ስለዚህ የሚደራረብና የሚቀነስ ልብስ ያዙ ይላል።

"ይሄማ ቤተ ክርስቲያን እንደመሄድ ነው" አለች ሚስቴ። "ተሸፍኖ፣ ጫማ አውልቆ መግባት። ምን ይከብደኛል?"

እንዲከብዳት ፈልጌ ነበር መሰለኝ። ለሃይማኖት ቦታ እንዴት እንደሚለበስ ልነግራት አስቤ ነበር፤ ከእኔ ምንም የምትሰማው አዲስ ነገር አልነበረም።

ቅዳሜ ሰልባጅ ተራ አብረን ወጣን። ረጅም ጉርድ ቀሚስ፣ ሁለት እጅጌ ሙሉ ሸሚዝና አንድ ስስ ሹራብ ገዛች። በመጨረሻ ከአንዲት ሶማሊ ነጋዴ ዘንድ ቆምን። ሴትዮዋ ከክምሩ ሥር በላባ የተሞላ አረንጓዴ ጃኬት መዝዛ አወጣችና፣ "አባዮ፣ ይሄ ላንቺ ነው" አለቻት። አባዮ በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው። ሚስቴ ለበሰችው። ልክ ለእሷ የተሰፋ ይመስል ነበር። እጇን ኪሱ ውስጥ ከትታ ወደ እኔ ዞረችና ፈገግ አለች። በዚያች ቅጽበት ተራራው ላይ የቆመች መስላ ታየችኝ፤ እኔ በሌለሁበት።

"ወረቀቱ ላይ ወፍራም ጃኬት ያዙ ይላል" አለችኝ። "ያስፈልገኛል? ሹራቡ አይበቃም? የምታውቀው አንተ ነህ።"

አውቅ ነበር። የሚያርፉበት ከተማ ከጅጅጋ በእጥፍ የሚበልጥ ከፍታ ላይ እንዳለ፣ በመስከረም መጨረሻ ማታ ማታ ውሃ ሊረጋ እንደሚችል ከማንም በላይ አውቅ ነበር።

"ወረቀቱን የሚጽፉት አጋንነው ነው" አልኩ። "ገና መስከረም እኮ ነው። ሻንጣሽን ለምን ትሞይዋለሽ? የካራማራን ንፋስ የቻለ ሰው እዚያ አይበርደውም።"

አመነችኝ። ጃኬቱን አውልቃ አጣጥፋ መለሰች። ነጋዴዋ እኔን ቀና ብላ አየችኝ።

ለምን እንዳደረግሁት ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። እንድትታመም አልፈለግሁም። ያ ጉዞ ግን እንዳሰበችው ሙሉ በሙሉ እንዲያምርላት አልፈለግሁም። ከዚህ የተሻለ አድርጌ ልገልጸው አልችልም።

በሄደች በአራተኛው ቀን ፎቶ ላከችልኝ። ከገዳሙ በር ላይ ቆማለች፤ ጫማዋን አውልቃ በካልሲ ናት፤ ጉርዷ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ይወርዳል፤ ፀጉሯን በሻርፕ ሸፍናለች። ከላይ ግን የወንድ ጥቁር ጃኬት ለብሳለች። እጅጌው ረዝሞ ጣቶቿን ውጧቸዋል። ከኋላዋ ያለውን ተራራ ያየሁት ቆይቼ ነው።

ወዲያው ደወልኩላት። "የማን ጃኬት ነው?"

"የእሱ ነው" አለችኝ፤ ባልደረባዋን ማለቷ ነው። "የአፍደም ሰው አይደል? ጅጅጋ እንኳ ስለሚበርደው ሁለት ጃኬት ይዞ መጣ። እሱ ባይኖር አልቄ ነበር!"

ድምፅዋ ጎርነን ብሎ ነበር። አሟት እንደሆነ ያኔ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅሁም። የጠየቅሁት ጃኬቱን አውልቆ ሲሰጣት የት እንደነበሩ ነው። "አውቶቡስ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ባለበት" አለችኝ። ስልኩን የዘጋችው እሷ ናት።

ከሁለት ቀን በኋላ ትኩሳት ይዟት ተኛች። ሌሎቹ ፍየል አርቢዎቹ ወደሚሰፍሩበት ሜዳ ሲወጡ እሷ ማረፊያ ቤት ቀረች። ከጉዞው ሁሉ በጣም የናፈቀችው ያንን ቀን ነበር። በስልክ ስትነግረኝ አለቀሰች። እኔ አጽናናኋት፤ እያጽናናኋት ግን ከውስጤ ትንሽ ቀለል አለኝ። እሷም እዚያ ሜዳ አልደረሰችም። ይህን ስጽፍ ዛሬም አፍራለሁ።

ሲመለሱ ጅጅጋ አውሮፕላን ማረፊያ ሄጄ ተቀበልኳቸው። ከስታ ነበር። ባልደረባዋ ሞቅ አድርጎ ጨበጠኝና፣ "መምህር፣ ባለቤትዎ በሹራብ ብቻ ነው የመጣችው!" አለኝ። "ባለቤቴ አይበርድም ብሎኝ ነው ስትል አላመንኳትም። ጂኦግራፊ አይደል እንዴ የሚያስተምሩት?" ያለምንም ተንኮል ነበር የሚስቀው። ሻንጣዋን ራሱ ተሸክሞ እስከ ባጃጁ አደረሰልን። ልጠላው ሁለት ሳምንት ሙሉ ስዘጋጅ ከርሜ፣ የምጠላበት ምክንያት አጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ልብሷን ግቢ ውስጥ እያሰጣች ሳለ ነገርኳት። "እንደሚበርድ አውቅ ነበር" አልኳት።

እጇ ገመዱ ላይ ቀረ። "ተሳስተህ መስሎኝ ነበር" አለች ቀስ ብላ። "ለጠየቀኝ ሁሉ ተሳስቶ ነው እያልኩ ነው የከረምኩት።"

"ቀንቼ ነው።"

"በማን? በእሱ?"

"በአንቺ። እኔ ነበርኩ መሄድ የምፈልገው።"

ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር። "ቀናሁ ብትለኝ እኮ እስቅብህ ነበር" አለችኝ። "ከዚያ ጃኬቱን ገዝተን እንመለስ ነበር።" ባዶውን ሳፋ አንስታ ገባች። ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ያህል ከምግብና ከውሃ ጉዳይ በቀር አልተነጋገርንም። ይቅርታ ያደረገችልኝ በየትኛው ቀን እንደሆነ አላውቅም። አንድ ቀን ከሥራ መጥታ ስለ አንዲት እምቢተኛ ፍየል እያወራችኝ እንደሆነ ነው ድንገት የገባኝ።

በዓመቱ የሂማላያ ትምህርት ሲደርስ ክፍሌ መጥታ እንድትናገር ለመንኳት፤ መጣች። ተማሪዎቹ በጥያቄ አጣደፏት፦ አየሩ ለመተንፈስ ይከብዳል ወይ፣ መነኮሳቱ ምን ይለብሳሉ፣ በረዶ ነክተሻል ወይ። እኔን እንዲህ ጠይቀውኝ አያውቁም። ከኋላ ወንበር ተቀምጬ እንደገና ቀናሁ፤ አልካድኩትም። ከዚያ እኔም እንደ ተማሪዎቹ እጄን አወጣሁ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

"እሺ፣ አንተ" አለችኝ በጠመኔ እየጠቆመች።

"ገዳሙ ውስጥ ሲገቡ ምን ምን ይሸታል?"

መጽሐፍ ላይ አግኝቼው የማላውቀው ነገር ነበር። ትንሽ አሰበች።

"ቅቤ" አለች። "መብራታቸው በቅቤ ነው የሚነደው። በሩ ላይ ጫማዬን አውልቄ ገባሁና ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ቆምኩ..."

እኔም እንደ ልጆቹ ደብተሬን አጥፌ አዳመጥኳት።